ቀይ ባሕር በአቶ አለበል መስኮት ሥር

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም አለበል፣
አስመራ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? የአስመራ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ? ብርድ ልብሱን ለበስሽው ወይስ እንደ አምናው ለጓደኛሽ ሰጠሽው? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ባሕሩም ደህና ነው።

እንደ ደረስሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ዛሬ ጧት ግምጃ ቤት ዕቃ ሳስረክብ ደረሰኝ። ቆሜ አነበብሁት፣ ተቀምጬ ደገምሁት። ጥያቄሽ ስለ በዛ በቁጥር ነው የምመልሰው።

1ኛ/ ሣጥኑ። የመስተዋት ሣጥንሽ ካስቀመጥሽው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ያግኝ ብለሽ መጋረጃውን ካወረድሽው ወዲህ እናትሽ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምን እንደምንበላ አወቀብን እያለች ታጉረመርማለች።

2ኛ/ አየሩ። የመኪና ጎማው ካላማዳሪ እንዳልሽው አልጋችን ሥር ነው። ጧትና ማታ በብስክሌት መንፊያ እኔ እነፋዋለሁ፤ ቀን እናትሽ ትነፋዋለች። የአልጋው ክብደት ሲጫነው አየሩ ከሐኪም ቤት ባመጣሻት የግሉኮስ ቱቦ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። ችግሩ፣ ካላማዳሪው ሲነፋ አልጋው ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። እናትሽ አየር ማለቁን በጎኗ ነው የምታውቀው።

3ኛ/ የውኃው እንቅስቃሴ። አየሩ ከታች በሸምበቆዋ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ሲወጣ ውኃውን ይዞት ይወጣና ከላይ ጣሳው ውስጥ ይደፋዋል። የጣሳው አሸዋና ከሰል ቆሻሻውን ያስቀረዋል፤ ውኃው ተጣርቶ በጣሳው ቂጥ ቀዳዳዎች ይመለሳል። አሸዋውን በየሳምንቱ አጥባለሁ። ሸምበቆዋ መበስበስ ስትጀምር ከሐይቁ ዳር ሌላ እቆርጣለሁ። ውኃው ባንድ በኩል ብቻ እንዳይገፋ ስላልሽ አንድ ቀን ወደ ቀኝ፣ አንድ ቀን ወደ ግራ አዞራታለሁ። ዓሣው መጀመሪያ ዞሮበት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

4ኛ/ ሲጎድል ሙሉ ያልሽው። በጥፍር ቀለም እስካሰመርሽው መስመር ድረስ በየጧቱ እሞላለሁ። ጠብታ አላጎድልም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

5ኛ/ ለእናትሽ አስረዳት ያልሽኝን አስረድቻታለሁ። እነዚህ ሦስት መርጃኖችና ይህ ነጭ መቀነት የታጠቀ ዓሣ ከባሕር በራቀ አገር፣ ያለ መብራት፣ የብስኩት ካርቶን በምታህል ሣጥን ውስጥ እስከ የካቲት ከኖሩ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ይቆማል፣ ከሞቱ ይወድቃል አልኋት። እናትሽ መርጃንን የምታውቀው በአንገት ጌጥነቱ ነውና፣ ድንጋይ ይሞታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሕይወት እንዳለው ነገርኋት። ቀጥላ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ ናት ወይስ ዓሣው አለችኝ።

6ኛውን ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ከታች እጽፈዋለሁ።

ጎረቤቶች ሰላም ብለውሻል። ድመቷን ሹም አቦ ሰፈር ላለችው አክስትሽ ሰጥተናታል፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

6ኛው መጣልኝ። ከተመረቅሽ በኋላ ወዴት እንደሚመድቡሽ የሰማሽው ነገር አለ? ለልምምድ ወደ ምጽዋ ስትወርዱ መንገዱ በወታደር አጀብ ነው ይባላል። የሰማሽውን ጻፊልኝ። ባትሰሚም ጻፊልኝ።

አባትሽ አለበል


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ እናትዓለም፣

ጤናሽን ከሰማሁ በኋላ ነው እህል የቀመስሁ። የላክሽው ፎቶግራፍም ደርሶኛል። ከስተሻል። እናትሽ አልከሳችም ትላለች፤ እኔ ግን ፎቶውን ከአምናው ጎን አድርጌ ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሀ/ መርጃኖቹ ጧት ጧት ጣታቸውን ይዘረጋሉ ወይ ላልሽው፣ ጧት ወደ ሥራ ስለምቸኩል በደንብ አላስተዋልሁም። ለ/ ቀለማቸውን ላልሽው፣ ቀለም አላቸው። ሐ/ ዓሣው ጭምት ሆኗል። ከድንጋዩ ኋላ አርፎ መቀመጥ ይወዳል። በዚህ ዕድሜው እንዲህ መሆኑ አስተዳደጉን ያሳያል። መ/ ትልቁ መርጃን እንቅልፍ አብዝቷል። ሠ/ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አትጠይቂኝ፤ ፈተና አለብሽ።

ይልቅ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ባለፈው ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ ሁለት የጥበቃ ጓዶች አስከትለው መጡ። ለካ በአለበል ቤት መስኮት ሥር ቀን ከሌት የሚተነፍስ መሣሪያ አለ የሚል ጥቆማ ደርሷቸው ኖሯል። እናትሽ በር ላይ ቆማ፣ የሚተነፍሰው ባሌ ነው ብትላቸውም አልተመለሱም። አስገባኋቸው። ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። ቱቦውን ተከትለው እስከ አልጋችን ሄዱ፤ አንደኛው ጥበቃ ተንበርክኮ ካላማዳሪውን ደባበሰው። እኔም ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁ፤ ልጄ ናት፣ ጽሑፍ ነው፣ ውኃው ከምጽዋ በአውሮፕላን የመጣ ነው አልሁ። ጓድ አካሉ ጣታቸውን ነከር አድርገው ቀመሱት። ፊታቸው ተለወጠ።

«የእኛው ቀይ ባሕር?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጓድ።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥበቃዎቹም ቀጥ አሉ። እኔም ምን ላድርግ፣ ቀጥ አልሁ። እናትሽ ብቻ ነበረች የተቀመጠችው። ከዚያ ጓድ አካሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህ የእናት አገር አካል ስለ ሆነ በጥር ወር በቀበሌው አዳራሽ ለሕዝብ እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን የማስጠበቁ ኃላፊነት በእኔ ላይ እንደ ወደቀ ነገሩኝ። በጽሑፍም እንደሚያደርጉት አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በተራ እየመጣ ያየዋል። የዓባይ ማዶዎች እንኳ ድልድዩን ተሻግረው መጥተዋል። ወንበር አለቀብን። አንቺ እንግዲህ ሁኔታዬን አስቢው። ዓሣ ቢሞት ዓሣ ሞተ ይባላል። ቀይ ባሕር አለበል ቤት ሞተ ቢባል ግን ምን ተብሎ እንደሚጻፍብኝ አላውቅም።

ሐሳብ ግን አይግባሽ። ሁሉም ደህና ነው።

ስለ ምደባሽ ጠይቄሽ ነበር። ምናልባት ገጹ ጠፍቶብሽ ይሆናል፤ ደግሜ ጠይቄሻለሁ።

አባትሽ አለበል


አስመራ፣ ኅዳር 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ አልከሳሁም፤ ብርድ ልብሱም አልጋዬ ላይ ነው።

አባባ፣ «ቀለም አላቸው» ማለት ምን ማለት ነው? የእርስዎ ደብዳቤና እማማ ያስጻፈችው በአንድ ቀን ደረሱኝ። በእርስዎ ደብዳቤ ትልቁ መርጃን እንቅልፍ አብዝቷል፤ በእማማ ደብዳቤ ነጭ ሆኗል። በእርስዎ ዓሣው ጭምት ነው፤ በእማማ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የእማማን ደብዳቤ የጻፈላት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መጨረሻው ላይ «ይህን አባትሽ እንዳይሰማ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እማማን እንዳይቆጧት። እንዳልጨነቅ ብለው እንደ ደበቁኝ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ስለ እነሱም ስለ እርስዎም ተጨነቅኩ።

እባክዎ በግልጽ ይጻፉልኝ። አየሩ ይቋረጣል? ጣሳው ይዘጋል? አሸዋውን በሳሙና አጥበውት ይሆን? የቀትር ፀሐይ ይመታዋል? ምግቡስ? ከቁንጥር በላይ ከሰጡት ውኃው ይበላሻል። ጥፋቱ ከእነዚህ አንዱ ላይ ነው መሆን ያለበት።

አማካሪዬ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል በየካቲት ለጣና ዓሣ ጉዳይ ባሕር ዳር ይመጣሉ። ሣጥኑን በዓይናቸው ያዩታል። በሕይወት ካገኙት ጽሑፌ ቆመ ማለት ነው።

ምደባዬን በየደብዳቤው ይጠይቁኛል፣ እኔም በየደብዳቤው እዘለዋለሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ። ጽሑፉ ከቆመ ዶክተር ምጽዋ ባሕሩ ዳር ባለው ጣቢያ እንድመደብ ስሜን ሰጥተዋል። ካልቆመ ርዕሴ ተቀይሮ ስለ ጣና ዓሣ እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ ምደባዬ እዚያው ባሕር ዳር ይሆናል። ከቤት እየተመላለስኩ ማለት ነው።

የምፈልገው ምጽዋን ነው፣ አባባ። መንገዱንም፣ የሚባለውንም አውቃለሁ። ጠዋት ውኃው ሲጠራ ከታች የሚታየውን ቢያዩ ኖሮ አይቆጡኝም ነበር።

ልጅዎ እናትዓለም


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። በሁለተኛም ይቅርታ። ሦስተኛው ከታች አለ።

እናትሽ ያስጻፈችው እውነት ነው። ትልቁን ጨምሮ ሁለቱ መርጃኖች ነጥተዋል፤ ትልቁ ጣቱንም ሰብስቦ እንደ ጨበጠ ነው። ላልሽኝ ሁሉ መልስ አለኝ። አየር አልተቋረጠም። ጣሳው አልተዘጋም። ሳሙና አልነካውም። ቀትር ላይ ጋዜጣ እጋርድለታለሁ። ምግቡ ቁንጥር ነው፣ እሷንም በምስማር ጫፍ ነው የምሰጠው። መስመሩ እንዳይጎድል በየጧቱ ከጀሪካንሽ የባሕር ውኃ እሞላለሁ፤ አንደኛው ጀሪካን አልቆ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። የሣጥኑ ከንፈር ነጭ ነጭ ነገር ያወጣል፤ እሱንም በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሁሉን አድርጌ ነው የሚሞቱብኝ። ያፈርሁትም ለዚህ ነው። ሰንፌ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እነግርሽ ነበር።

ምደባሽን ለእናትሽ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ የብስክሌት መንፊያውን አንሥታ ከበሩ ኋላ አቆመችው። «እንግዲህ እኔ ልጄን ምጽዋ ለመስደድ አየር አልነፋም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምራ ተራዋን ተወች። ያለችው ደግሞ ትክክል ነበር።

ሦስተኛው ይቅርታ ይሄ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሣጥኑ ፊት ብቻዬን ተቀመጥሁ። እጄን የግሉኮሷ ቱቦ መዘውር ላይ አደረግሁ። መዝጋት ማለት በአውራ ጣት አንድ ጊዜ ገፋ ማድረግ ነው፤ ድምፅ የለውም። እንደ ልማዴ በሐሳቤ ዝርዝር አወጣሁ። በአንድ በኩል፦ ልጄ ባሕር ዳር ትመደባለች። ራት አብረን እንበላለን። ሬዲዮ ስከፍት የምጽዋን ስም ፍለጋ ጆሮዬን አላቆምም። ትዳርም ብትይዝ ሠርጉ እዚሁ ነው። በሌላ በኩል፦ ዓሣው። ሌላ የምጽፈው ባጣ በዚያ ወገን ያለው ዓሣው ብቻ ሆነ። እሱም ከድንጋዩ ኋላ ወጥቶ ያየኝ ነበር።

አልዘጋሁትም። ለምን እንዳልዘጋሁት ልጽፍልሽ ፈልጌ 1ኛ/ ብዬ ቆሜያለሁ።

በማግስቱ ለሥራ ሐሙሲት ላኩኝ። ዕቃ ለመቁጠር ነው፤ ቆይቼ ነው የተመለስሁ። መንገድ ላይ ሁሉ ለጓድ አካሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ከሌለሁ አየር የሚነፋ የለም። ቤት ስገባ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ሄድሁ። አልጋው ከፍ ብሎ ነበር። ካላማዳሪውን ብነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ማን ነፋው ብዬ እናትሽን ጠየቅኋት። «ዝቅ ያለ አልጋ ላይ አልተኛም» አለችኝ።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው፤ መልሱን ቶሎ እፈልጋለሁ። የእናትሽ አጎት አባ ወልደ ገብርኤል ለዓይናቸው ሕክምና ከጣና ደሴቱ ገዳም መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። ሐሙሲት ሳለሁ ሣጥኑን አይተው፣ ይህ ፍጡር ታሟል ብለው፣ ይዘው የመጡትን ጠበል በብርጭቆ ቀድተው ጨመሩበት። እኔ ስደርስ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

«አባ፣ ይህ የባሕር ፍጡር ነው። ጨው የሌለው ውኃ ይገድለዋል» አልኋቸው።

«ባሕሩንስ ማን ፈጠረው?»

«እሱማ እግዚአብሔር ነው። ግን ከነጨው ነው የፈጠረው።»

«እኔም ጨዉን አልነካሁበትም» አሉኝ።

እናትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አጎቷን ልቆጣ አልችልም፣ ጠበል ደግሞ ልድፋ አልችልም። ስለዚህ መስመሩ ሲጎድል የሚሞሉት እሳቸው ሆኑ፤ ለእኔ ቦታ አልቀረልኝም። እሳቸውም በየጧቱ ጸሎት አድርሰው ይሞላሉ።

ልጄ፣ ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ፣ ከዚህ ወዲያ አንዳች አልደብቅሽም። ዛሬ ጧት ትልቁ መርጃን ጣቱን ዘረጋ። ሁሉንም አይደለም፣ ጥቂቱን። ዓሣው ሸምበቆዋን ዞራት። ምን እንደማደርግ አላውቅም። እየዳኑ ነው ወይስ ሊሞቱ ሲሉ ነው እንዲህ የሚያደርጉት? በቴሌግራም መልሽልኝ።

አባትሽ አለበል


ቴሌግራም
ከአስመራ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1979

ጠበሉን አታቋርጡ። ከጀሪካኑ አትጨምሩ። ደብዳቤ ይከተላል። እናትዓለም።


ባሕር ዳር፣ ጥር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ እናትዓለም፣

እንኳን ለበዓሉ አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ የወጡም ምሳሌ ገባኝ። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ የሚተነው ውኃው ነው፣ ጨዉ ይቀራል፤ በጎደለው ፈንታ ሌላ ጨው ያለበት ከጨመርሁበት ማን ይበላዋል። ለካ ከመስኮቱ ሲተን የነበረው ውኃው ብቻ ኖሯል። እኔ ግን በየጧቱ ከጀሪካኑ እየሞላሁ ጨው በጨው ላይ ሳከማች ከርሜያለሁ። ያን ነጭ ነገርም በገዛ እጄ ስጠርገው ነበር፣ ከዚያ በላይ ምን ይንገረኝ? አንቺ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሙሉ ብዬ በምን እንደሆነ አልነገርሁም» ያልሽው ደግሞ አይሆንም። ግምጃ ቤት ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ሙላ ሲሉኝ በምን ብዬ አለመጠየቄ ነው።

ቴሌግራምሽ ግን ወደ እኔ ሳይመጣ በቀበሌ በኩል ዞረ። ጓድ አካሉ በእጃቸው ይዘውት መጡ። እናትሽ በሩን ከፍታ ወረቀቱን ስታይ ቀድሞ የመጣባት የአንቺ ነገር ነው፤ መዝጊያውን ይዛ ቁጭ አለች። እሳቸውም ደንግጠው፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ጉዳዩ የሃይማኖት ነው አሏት።

ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። ከአስመራ ድረስ በመንግሥት ቴሌግራም ጠበል አታቋርጡ ማለት ምን ማለት ነው? ውኃ ለማለት ነው አልሁ። ውኃ ለማለት ከሆነ ለምን ውኃ አላለችም? እኔ የወጡን ምሳሌ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። አባ ከጓዳ ወጥተው፣ ጠበሉ የእሳቸው እንደሆነ፣ ማቋረጥም እንደማያስቡ በእርጋታ ነገሯቸው። ጓድ አካሉ ወደ ሣጥኑ ዞሩ። ሦስቱም መርጃኖች ጣታቸውን ዘርግተው ውኃው ሲመጣ ይጎነበሳሉ፣ ሲመለስ ይነሣሉ። ዓሣው መቀነቱን ታጥቆ መስተዋቱ ድረስ መጥቶ አያቸው። ቀይ ባሕር ድኗል፤ አዳራሹ ተሰናድቷል፤ ምን ይበሉ?

«በቀበሌ በኩል ተጨማሪ ውኃ ተብሎ ይጠራ» አሉ።

እንዲሁ ሆነ። አሁን በየሁለት ቀኑ ብቅ ብለው፣ ተጨማሪው ውኃ ተሰጠ ወይ ይላሉ። አባም፣ ጠበሉ ተሰጥቷል ይሏቸዋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ባለፈው ሲወጡ ግን በር ላይ ጆሮዬን ጠጋ ብለው፣ ለጉልበታቸው የሚሆን ትንሽ ተጨማሪ ውኃ በጠርሙስ ይገኝ እንደሆን ጠየቁኝ። ይህን አንብበሽ ቅደጂው።

ወደ አዳራሹ ስለ መውሰዱ የጻፍሽውን አንብቤላቸዋለሁ። ሣጥኑ እንዳይናወጥ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ እንዲመጣ ተወስኗል። እናትሽ ይህን ስትሰማ መጋረጃውን አምጡ ብላ ነበር።

እናትሽ ተራዋን ጀምራለች። ማንም አልጠየቃትም።

አባትሽ አለበል


ባሕር ዳር፣ የካቲት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ፣

መምህርሽ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል ትናንት መጥተው ዛሬ ሄዱ። ከእኔ ቀድመው እንደሚነግሩሽ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እሳቸው የማይነግሩሽን ልጻፍልሽ።

1ኛ/ ቤቱ ጠበበ። ጓድ አካሉ ንግግር አዘጋጅተው መጥተው ነበር። ዶክተሩ ሣጥኑን ሲያዩ ተንበርክከው ስለ ቀሩ ንግግሩ ለጀርባቸው ተነበበ።

2ኛ/ ሸምበቆዋን አድንቀዋል። ሀገር ሙሉ ሸምበቆ እያለ እኛ ቱቦ ስንለምን ኖርን አሉ። ቱቦውን ተከትለው እስከ አልጋው ሄደው፣ ሥራው እንዲገባቸው አንድ ጊዜ ይቀመጡበት ዘንድ እናትሽን አስፈቀዱ። ሲቀመጡ ሣጥኑ ውስጥ አረፋው በረታ። ሲነሡ ቀነሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። የተማረ ሰው አልጋችን ላይ እንዲህ ሲጫወት አይቼ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

3ኛ/ በቀን ምን ያህል ጨው የሌለው ውኃ ትጨምራላችሁ ብለው ጠየቁ። አባ፣ እንደ እምነታችሁ መጠን አሉ። ዶክተሩ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። እኔ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ሙቀት ሲበረታ ሦስት አልሁ። እሱን ጻፉ። አባ ግን እስኪወጡ ድረስ የእሳቸውም እንዲጻፍ እያሳሰቡ ነበር።

4ኛ/ ይህን ላልጽፍልሽ ነበር። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ዶክተሩ በር ላይ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሣጥኑ በጣም ጥሩ ነው አሉ። ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። እሳቸውም ልጅ ሳይኖራቸው አይቀርም።

«ይህ ከቆመ ምጽዋ እንደምትሄድ ነግራችኋለች አይደል?» አሉ።

እኔ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በሦስት ነጥብ። አንደኛውን ሳልጀምር እናትሽ ከኋላዬ ወጣች፤ እጇ ላይ የብስክሌት መንፊያው ነበር፣ ሰዓቱ ስለ ደረሰ።

«ስናውቅ ነው የነፋነው» አለቻቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጧት። እሷም ገብታ መንፋቷን ቀጠለች።

አባትሽ አለበል


አስመራ፣ ሰኔ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአባባና ለእማማ፣

ጽሑፌ ቆመ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ነው ያጸደቀው። ምደባዬም እንደ ታሰበው ሆኗል፤ በሐምሌ ወደ ምጽዋ እወርዳለሁ። መንገዱ በአጀብ ነው፣ ስለዚህ ደህና ነው። ለእማማ እንዲህ ብለው ያንብቡላት።

የአባን ነገር እንዳልተውኩት ይንገሩልኝ። ጽሑፉ ላይ «ጠበል» ብዬ ነበር። ከኮሚቴው አንዱ ጠበል የሚል መለኪያ የለም አሉ፣ ሌላኛው ደግሞ ያለዚያ ውኃ ውጤቱ እንደሌለ አስታወሷቸው፤ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ «ከደሴት የተቀዳ የምንጭ ውኃ» ተብሎ ተስማሙ። አንድ ቅጂ ልኬልዎታለሁ። ምስጋናው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፤ ረጅም ስለ ሆነ ዶክተር አሳጥሪው ብለውኝ ነበር፤ አላሳጠርኩትም።

አባባ፣ ከእንግዲህ ሥራችሁን ጨርሳችኋል። በቃችሁ። አየሩን መዝጋት ትችላላችሁ። ዓሣውን ጣና ውስጥ እንዳይለቁት፣ ወዲያው ይሞታል። የምችል ቢሆን መጥቼ እራሴ እወስደው ነበር፤ ግን አዲስ ሠራተኛ ፈቃድ መቼ እንደሚያገኝ አላውቅም፣ ገና በመጀመሪያው አለቆቼን መጠየቅም አፍራለሁ። ብዙ ጊዜ ሳንተያይ ልንቆይ እንችላለን። ይህን እማማ ፊት አያንብቡት።

ልጅዎ እናትዓለም


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም አለበል፣
ምጽዋ

እንኳን ደስ ያለሽ። እንኳን ደስ ያለን። ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት እዚያች ቦታ ላይ ዝለል ያልሽኝን ልዘል ብል፣ ለምን ትንፋሽ ወሰድህ ብላ አስነበበችኝ። አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለአባ ስለ ምንጭ ውኃው ነገረቻቸው። አባ አልተከፉም፤ ምንጩንስ ማን አፈለቀው አሉ።

ምስጋናውን አነበብሁ። ተቀምጬም ደገምሁት።

የቀረውንም አንብቤዋለሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከሠንጠረዡ ጋር፤ እርሳስ ይዤ። አየሩን መዝጋት ትችላላችሁ ያልሽውን በቤተሰብ ተወያይተንበታል። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው።

አንዘጋም። እናትሽ ዝቅ ያለ አልጋ አልለመደችም። አባ ለዓይናቸው ከመጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸውም ድኗል፣ ግን በየጧቱ የሚሞሉት ነገር ስላለ ወደ ደሴቱ አልተመለሱም። ጓድ አካሉም ቀይ ባሕር ከቀበሌያቸው እንዳይወጣ ይፈልጋሉ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ሣጥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ውኃው ሲጠራ ከታች የሚታየውን እያየሁ ነው። አሁን አልቆጣሽም።

ነገር ግን አንድ ችግር ገጥሞናል፤ ችግሩን ያመጣሽውም አንቺ ነሽ። በጽሑፍሽ መደምደሚያ ላይ፣ ጨው የሌለው ውኃ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከሣጥኑ ውኃ አንድ አራተኛው በየሦስት ወሩ በአዲስ የባሕር ውኃ ካልታደሰ ፍጡራኑ እንደማይቆዩ ጽፈሻል። በእጅሽ ነው የጻፍሽው። ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል። ከጀሪካኑ የተረፈውን የባሕር ውኃ ይህን እንዳነበብሁ ሣጥኑን አድሼበት ጨርሻለሁ። ላስመጣ ብዬ ያሰብሁትን መንገድ ሁሉ አጣርቻለሁ። በፖስታ ውኃ አይላክም። በሾፌር እጅ ቢላክ መንገድ ላይ ይሞቃል፣ ሾፌሩም ጠምቶት ቀምሶ ይደፋዋል። ለማንም መንገደኛ አደራ አልሰጥም፤ ሙሉ ሲባል በምን ብሎ የማይጠይቅ ሰው እንዳለ በራሴ አይቻለሁ። የቀረው የሚያውቀው ሰው በእጁ ይዞት መምጣት ነው።

አለቆችሽን መጠየቅ ስለምታፍሪ ጓድ አካሉ ረድተውናል። ለጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤ ጽፈዋል፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ የቀበሌው ማኅተም ሁለት ቦታ ተመቶበታል። በቀበሌያችን የሚገኘው ቀይ ባሕር በሳይንሱ መሠረት በየሦስት ወሩ ስለሚታደስ፣ ጓድ እናትዓለም አለበል ለዚሁ ሥራ በየጊዜው እንድትላክልን ይላል። የሚቀጥለው እድሳት መስከረም ላይ ነው። እናትሽ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች።

ሁለቱን ጀሪካኖች አጥቤ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ፣ ስምሽን ጽፌባቸው በመኪና ልኬልሻለሁ። ባዶ ጀሪካን ብቻውን ይሄዳል። ሙሉው ግን ብቻውን አይመለስም።

አባትሽ አለበል